እናቴ ሃልሽታት ላይ የጠፋችብኝ ቀን፦ ወላጅ ይዛችሁ ለምትጓዙ

እናቴ በግንቦት 2016 ዓ.ም. ልትጠይቀኝ ወደ ሙኒክ መጣች። 68 ዓመቷ ነው። ተወልዳ ያደገችው፣ እኛንም ወልዳ ያሳደገችው ሐይቅ ከተማ ነው፤ ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዳችሁ የምታገኟት፣ ዙሪያዋ ተራራ፣ ከጎኗ ውኃ፣ የእስጢፋኖስ ገዳም ያለባት ከተማ። እኔ ሙኒክ ውስጥ የምኖረው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። በመጣች በሦስተኛው ሳምንት መስኮት ከፍታ ቆማ «እዚህ አገር ተራራ የሚባል ነገር የለም?» ስትለኝ አንጀቴን በላችው።

ያን ማታ የጉብኝት ማስታወቂያ ስፈልግ አመሸሁ። ሃልሽታትን ያገኘኋት እንዲያ ነው። ኦስትሪያ ውስጥ፣ በተራራና በሐይቅ መካከል በተረፈች ቀጭን መሬት ላይ የተለጠፈች፣ ከ800 ያነሰ ነዋሪ ያላት ትንሽ ከተማ ናት። ፎቶዋን ሳሳያት እናቴ ስልኩን ተቀብላኝ፣ ወደ ዓይኗ አስጠግታ ብዙ አየችው። «አገሬን ትመስላለች» አለች። ወዲያው ለሁለታችን ቦታ ያዝኩ፤ በአውቶቡስ የሁለት ቀን የቡድን ጉዞ፣ አንድ ሌሊት ሳልዝቡርግ፣ በማግስቱ ሃልሽታት፣ ማታውን ወደ ሙኒክ መመለስ።

በየዓመቱ ብዙዎቻችሁ ወላጆቻችሁን አስመጥታችሁ እንዲህ ያለ ጉዞ ትወስዷቸዋላችሁ። እኛ ላይ የደረሰው በሌላ እናት ላይ እንዳይደርስ ብዬ ነው የምጽፈው።

ከጉዞው በፊት ባለው ሌሊት ልጀምር፤ ስህተቱ የተጀመረው እዚያ ነውና። ሻንጣ ሳዘጋጅ ፓስፖርቷን «እንዳይጠፋብሽ» ብዬ ወሰድኩ። የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒቷን «እኔ አስታውስሻለሁ» ብዬ ወሰድኩ። ቆሎዋን ሳይቀር «ከባድ ነው፣ ምን ያሸክምሻል» ብዬ ወሰድኩና ሁሉንም አንድ የእጅ ቦርሳ ውስጥ ከተትኩት። ስልኳ የኢትዮጵያ ሲም ነው፤ ቤት ውስጥ በዋይፋይ ካልሆነ አይሠራም። «እኔ አብሬሽ ነኝ፣ ምን ይሠራልሻል» ብዬ ጠረጴዛ ላይ አስቀረሁት። እናቴ ምንም አላለችም። ነጠላዋን ለበሰች፣ መቁጠሪያዋን ያዘች፣ የእጅ ሰዓቷን አሰረች። ከእሷ እጅ ያልወሰድኩት እነዚህን ሦስቱን ብቻ ነበር።

የሳልዝቡርጉን ቀን እዘለዋለሁ፤ ደህና አለፈ። ሰኔ 22 ቀን ቅዳሜ ጠዋት ወደ ሃልሽታት ስንነሳ የሐዋርያት ጾም ከገባ ገና ስድስተኛ ቀኑ ነበር። እናቴ በሕመሟ ምክንያት የነፍስ አባቷ ጠዋት እህል እንድትቀምስ ፈቅደውላታል፤ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ግን አትነካም። ሆቴሉ ጠዋት ያቀረበው ግማሹ ቅቤ፣ ግማሹ እንቁላል ነበር። ደረቅ ዳቦ በሻይ በላችና መድኃኒቷን ዋጠች። ለስኳሯ የምትወስደው ግሊቤንክላሚድ የሚባለውን ነው። ይህ ኪኒን በደንብ ሳይበሉ ከተወሰደ ስኳርን ከልክ በታች ሊያወርድ እንደሚችል ከዚያን ቀን በፊት አላውቅም ነበር። ወላጆቻችሁ ይህን ወይም ተመሳሳይ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ፣ ለጉዞ ከመነሳታችሁ በፊት ሐኪማቸውን ስለ ጾሙ ጠይቁ፤ የነፍስ አባታቸውንም እንዲያማክሩ አድርጉ። ቤተ ክርስቲያን ለሕመምተኛ ፈቃድ አላት። መንገድ ላይ መወሰን ግን ለእናቱም ለልጁም ከባድ ነው።

ሃልሽታት ስንደርስ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ተኩል ሆኖ ነበር። አስጎብኚያችን ገና ከአውቶቡስ ሳንወርድ አስጠነቀቀችን። ከተማዋ በሕዝብ ብዛት ስለተማረረች፣ የጉብኝት አውቶቡሶች የሚገቡትና የሚወጡት አስቀድመው በያዙት ሰዓት ብቻ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ነዋሪዎቹ በጎብኚ ብዛት ተማረው ሰልፍ ወጥተዋል። ስለዚህ በአካባቢው አቆጣጠር 15፡30 ላይ፣ ማለትም በእኛ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ላን በሚባለው ሰፈር ያለው መናኸሪያ አውቶቡሱ ውስጥ መገኘት አለብን። «አልጠብቅም ማለቴ አይደለም፤ መጠበቅ አልችልም» ነበር ያለችው። ሰማሁ፤ ግን ነገሩ እኔን የሚነካ አልመሰለኝም።

የመጀመሪያዋ አንድ ሰዓት በሕይወቴ ካሳለፍኳቸው ደስ የሚሉ ሰዓቶች አንዷ ናት። መንገዱ ጠባብ ነው፤ በአንድ በኩል ሐይቁ፣ በሌላው በኩል ገደሉ ላይ ተደራርበው የተሠሩ የእንጨት ቤቶች። እናቴ ውኃውን እያየች ዝም ብላ ነበር የምትራመደው። አስጎብኚዋ ከከተማዋ በላይ ያለው ተራራ በሆዱ ጨው እንዳለው፣ ሰውም ከ7,000 ዓመት በፊት ጀምሮ እዚያ ጨው ሲያወጣ እንደኖረ ነገረችን። በ1734 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ማዕድን ቆፋሪዎች ጨው ውስጥ ተቀብሮ ሳይበሰብስ የቆየ የጥንት ሰው ሬሳ አግኝተዋል። ከ3,300 ዓመት በላይ የሆነው የእንጨት ደረጃም የተገኘው እዚያው ጨው ውስጥ ነው። እየተረጎምኩላት አንድ ሱቅ ገባን። እናቴ ቀላ ያለ የድንጋይ ጨው አነሳች፣ በእጇ መዘነችው፣ አሸተተችው።

«ይኼ እኮ አሞሌ ነው» አለች። አያቷ ከአፋር በግመል የመጣውን አሞሌ ከባቲ ገበያ ገዝተው በአህያ ጭነው ሲመጡ፣ ልጆቹ ተሰብስበው ጥጉን ሲልሱ፣ አያትዬው «ገንዘብ አይላስም» እያሉ ሲቆጧቸው ነገረችኝ። ይህን ታሪክ በሕይወቴ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ኦስትሪያ ድረስ መሄዳችን ለዚህ ብቻ ቢሆን እንኳ ይበቃኝ ነበር። ትንሹን ጨው ገዛንላት፤ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው።

ምሳ ላይ ሁለተኛው ስህተቴ ወጣ። በጉዞው ዋጋ ውስጥ የተካተተው ምሳ በዳቦ ዱቄት የተጠበሰ ሥጋ ወይም የሐይቁ ዓሣ ነበር። እናቴ በጾም ዓሣም አትበላም። ለአርባ ሰው የሚያበስል ቤት በዚያች ደቂቃ ሌላ ነገር መሥራት አልቻለም። ድንች አመጡላት፤ በቅቤ የተለወሰ ነበርና ወደ ጎን አደረገችው። ቆሎዋ ደግሞ አውቶቡስ ላይ በቀረው ቦርሳ ውስጥ ነው። ይህን ከእኔ ተማሩ፤ ቦታ ስትይዙ «ኦርቶዶክስ ናት፣ ትጾማለች» ብትሉ ማንም አይገባውም። «ቪጋን» በሉ። በዚህች አንድ ቃል ሥጋው፣ ዓሣው፣ ወተቱ፣ እንቁላሉ፣ ቅቤው ሁሉ ይቀራል። ቢያንስ ከሳምንት በፊት በጽሑፍ ንገሯቸው።

ከሰባት ሰዓት ተኩል በኋላ ነፃ ሰዓት ተሰጠን። ከከተማዋ 360 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ወደ አየር የተዘረጋ መመልከቻ አለ፤ በገደሉ ላይ በሐዲድ በምትወጣ ጋሪ ነው የሚደረሰው። እኔ መውጣት ፈልጌያለሁ። እናቴ «ከፍታ ይበቃኛል፣ አንቺ ሂጂ፣ እኔ እዚህ እቀመጣለሁ» አለች። የገበያው አደባባይ መሐል ላይ የቅድስት ሥላሴ ሐውልት ያለበት የውኃ ምንጭ አለ፤ ሥላሴ መሆኑን ስነግራት ተሳልማ አጠገቡ ተቀመጠች። «በዘጠኝ ሰዓት እመለሳለሁ፣ ከዚህ እንዳትነሺ» ብያት ሄድኩ።

ሰዓቷን አላየሁትም። የእናቴ ሰዓት ከቦሌ ከተነሳች ጀምሮ አልተነካም፤ ለጸሎቷም፣ እዚያ ቤት ላሉት ልጆች ስልክ ለመደወልም ያገር ቤቱን ሰዓት ነው የምትከተለው። በሰኔ ወር ኢትዮጵያ ከኦስትሪያ በአንድ ሰዓት ትቀድማለች። እኔ «ዘጠኝ» ያልኩት ሃልሽታት ላይ ዘጠኝ ሲሆን ነው። በእሷ እጅ ላይ ግን ዘጠኝ የሞላው እኔ ገና ላይ የጋሪዋን ሰልፍ ስጠብቅ፣ ሃልሽታት ላይ ስምንት ሰዓት ሲሆን ነበር። ሁለታችንም አልተሳሳትንም። ሁለታችንም በያዝነው ሰዓት ትክክል ነበርን።

ስመለስ ከዘጠኝ አምስት ደቂቃ አልፎ ነበር። ምንጩ አጠገብ የማላውቃቸው ሰዎች ፎቶ ይነሳሉ። እናቴ የለችም። መጀመሪያ ሽንት ቤት ሄዳ ይሆናል ብዬ ቆምኩ። ከዚያ ጨው የገዛንበት ሱቅ ሄድኩ። ከዚያ ወደ ውኃው ዳር። በሞቃት ወራት በቀን እስከ 10,000 ሰው ይገባባታል በሚባልላት ከተማ ውስጥ አንዲት ነጭ ነጠላ መፈለግ ምን እንደሚመስል መግለጽ አልችልም። እያንዳንዷ ነጭ ኮፍያ፣ እያንዳንዷ ነጭ ሸሚዝ ልቤን ታስደነግጠው ነበር። ምናልባት ወደ አውቶቡሱ ሄዳ ይሆናል ብዬ የሩብ ሰዓቱን መንገድ እየሮጥኩ ወደ ላን ወረድኩ።

እዚያም የለችም። አስጎብኚዋ አሥር ደቂቃ ጠበቀችልን። ሹፌሩ ሰዓቱን እያሳየ አናገራት። በአውሮፓ ሕግ አንድ ሹፌር በቀን የሚነዳበትና የሚያርፍበት ሰዓት የተወሰነ ነው፤ መሣሪያው ይመዘግበዋል፤ የመናኸሪያው ተራም ያልቃል። አልፈርድባቸውም፤ ሌሎቹ ተሳፋሪዎችም ከፍለው የመጡ ናቸው። «ትቀሪያለሽ ወይስ ትሄጃለሽ?» አለችኝ። «እቀራለሁ» አልኩና ወደ ከተማው መልሼ ሮጥኩ። አውቶቡሱ ሲነሳ ድምፁን ከኋላዬ ሰማሁት። ግማሽ መንገድ ላይ ቆምኩ። ቦርሳው። ፓስፖርቷ፣ መድኃኒቷ፣ ቆሎዋ፣ የጉዞው ወረቀት፣ የአስጎብኚዋ ስልክ ቁጥር፣ ሁሉም ከመቀመጫችን በላይ ነበር። በሩ ላይ ቆሜ ተነጋግሬ፣ እጄን ዘርግቼ ሳልወስደው ነው የሄድኩት።

እባካችሁ፣ አውቶቡስ ላይ የሚቀር ዕቃ ጃኬትና ትርፍ ጫማ ብቻ ይሁን። ለአሥር ደቂቃ ብትወርዱም ፓስፖርትና መድኃኒት አብረዋችሁ ይውረዱ። እንደዚያ ያለ ድንጋጤ ውስጥ አእምሮ ዕቃ አያስታውስም።

የቱሪስት መረጃ ቢሮ ገባሁ። አንዲት ሠራተኛ ፎቶዋን አይታ በእርጋታ ሁለት ጥያቄ ጠየቀችኝ። «ስትጨነቅ የት ነው የምትሄደው? ቤት ብትሆን አሁን የት ትገኝ ነበር?» እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የምፈልጋት ጎብኚ በሚገኝበት ቦታ ሁሉ ነበር። እናቴን ግን አውቃታለሁ። ስትጨነቅ የምትሄድበት ቦታ አንድ ነው።

የካቶሊኩ ቤተ ክርስቲያን ከአደባባዩ በላይ፣ ገደሉ ወገብ ላይ ነው። ደረጃውን ስወጣ ጉልበቴ ይንቀጠቀጥ ነበር። የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ስደርስ የእናቴን ጥቁር ጫማ አየሁ። ሁለቱን አጣምራ፣ አፋቸውን ወደ ውጭ አዙራ፣ ልክ ሐይቅ ላይ እንደምታደርገው ከደጃፉ ጎን አስቀምጣቸዋለች። በዚያ አገር ማንም ጫማውን አውልቆ ቤተ ክርስቲያን አይገባም። እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ ከዚያ ነው የገባሁት።

እናቴ ከኋላ ወንበር ላይ ናት። ፊቷ በላብ ርሷል፣ እጇ ይንቀጠቀጣል። አጠገቧ በዕድሜ የምትበልጣት አንዲት የአገሩ ሴትዮ ተቀምጠው በጠርሙስ የፖም ጭማቂ ያጠጧታል። በኋላ እንደነገሩኝ፣ የባላቸውን መቃብር አበባ ሊያጠጡ መጥተው ነው ያገኟት። እናቴ ስትንቀጠቀጥ አይተው በጀርመንኛ ጠየቋት፤ እሷ በአማርኛ መለሰች፤ አልተግባቡም። ከዚያ እናቴ እጇን ወደ አፏ አድርጋ «ስኳር፣ ስኳር» አለች። ሴትዮዋ ደንግጠው «ጹከር?» አሏት። በጀርመንኛ ስኳር «ጹከር» ነው። ሁለቱም ቃላት ከዐረብኛው «ሱከር» የመጡ ናቸው። ያቺ አንዲት ቃል እናቴን አተረፈችልኝ።

ስኳር ሲወርድ ምልክቱ ማላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ መምታት፣ ግራ መጋባት ነው። ሰውየው መዋጥ የሚችልና በራሱ ያለ ከሆነ ወዲያው ግማሽ ብርጭቆ ጭማቂ ወይም ስኳር በውኃ ስጡት፤ ሩብ ሰዓት ጠብቃችሁ ካልተሻለው ድገሙለት፤ ከዚያ ምግብ። ራሱን ከሳተ በአፉ ምንም አትጨምሩ፣ 112 ደውሉ። ይህ ቁጥር በመላው የአውሮፓ ኅብረት ይሠራል። ስኳር ያለበት ሰው ኪስ ውስጥ ሁልጊዜ ሁለት ሦስት ከረሜላ ይኑር። ቦርሳው ውስጥ አላልኩም፤ ኪሱ ውስጥ።

ቀስ እያለች ስትመለስ የሆነውን ነገረችኝ። ዘጠኝ ሰዓት ሞላ፤ እኔ አልመጣሁም። ዘጠኝ ተኩል ሆነ፤ አልመጣሁም። «ከዚያ ገደል ወድቀሽብኝ ነው ብዬ እኮ ነው» አለች። እሷ የምትፈልገው እኔን ነበር። መንገድ ላይ ሰው ልታናግር ሞከረች፣ የሚገባት አጣች። ደወል ሰማች፤ ድምፁን ተከትላ ወጣች። ሥዕለ ማርያም ስታይ ተንበርክካ ስለ እኔ ትለምን ጀመር። ያን ስትነግረኝ ድምፅ አላወጣሁም። ሴትዮዋ እጄን ያዙኝ።

ከቤተ ክርስቲያኑ ስንወጣ መቃብሩ አጠገብ ያለችውን ትንሽ ጸሎት ቤት አሳዩን። የመቃብር ቦታው በጣም ጠባብ ስለሆነ ለብዙ ዘመን የሟቾችን አፅም ከጊዜ በኋላ እያወጡ እዚያ ያኖሩ ነበር፤ ከ1,200 በላይ የራስ ቅል አለ፣ ከ600 በሚበልጡት ላይ አበባና ስም ተሥሎባቸዋል። እናቴ አልፈራችም። «ስማቸው አልጠፋም» አለችና አማተበች።

ከዚያ የመመለሻው ነገር መጣ። ሃልሽታት በባቡር ትደረሳለች፤ ጣቢያው ግን ከሐይቁ ማዶ ነው። ትንሽ ጀልባ ከባቡሮቹ ጋር ሰዓቷን አስተካክላ ትመላለሳለች፤ መሻገሪያው አሥር ደቂቃ ያህል ነው። ማታ የመጨረሻዋ ጀልባ የምትነሳው ጊዜ ገና ቀን ሳለ ስለሆነ፣ ከቡድን የተለያችሁ ሰዎች መጀመሪያ የጀልባዋን ሰዓት አረጋግጡ። እኛ ዳቦና ሙዝ ገዝተን ተሻገርን። ጀልባዋ ላይ ነው የጉዞ ድርጅቱ ማረጋገጫ ኢሜይሌ ውስጥ የአደጋ ጊዜ ስልክ እንዳለ ያስታወስኩት። ደወልኩ። ቦርሳው ደህና ነው፤ ሰኞ ቢሮ መጥተሽ ውሰጂ ተባልኩ። ያን ቁጥር ገና ከሙኒክ ስንነሳ ስልኬ ላይ መዝግቤው ቢሆን ኖሮ አውቶቡሱ ከተነሳ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ቦርሳው ሊወርድልን ይችል ነበር።

አትናንግ ፑኽሃይም በምትባል ጣቢያ ባቡር ቀይረን ሳልዝቡርግ ገባን። ከሳልዝቡርግ እስከ ሙኒክ የባቫሪያ የቀን ትኬት ይሠራል፤ በአካባቢ ባቡር ብቻ ነው፣ ለሁለት ሰው አንድ ላይ ሲገዛ ይረክሳል። እፎይ ብለን ተቀመጥን። የሚቀጥለው ጣቢያ ፍራይላሲንግ ነው፤ ከድንበሩ ወዲህ የመጀመሪያው የጀርመን ጣቢያ። እዚያ የጀርመን ፌዴራል ፖሊሶች ገቡ።

ብዙዎቻችን በአንድ ቪዛ ስለሚዞሩት የአውሮፓ አገሮች «ሼንገን ውስጥ ድንበር የለም» እንላለን። እውነት ነው፣ የጀርመን ሼንገን ቪዛ ያለው ሰው ኦስትሪያ መግባት ይችላል። ነገር ግን ጀርመን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከመስከረም 2015 ጀምሮ በኦስትሪያ ድንበር ላይ ፍተሻ መልሳለች፤ ቪዛ ደግሞ ፓስፖርት ላይ ተለጥፎ እንጂ በቃል አይታይም። እኔ መታወቂያዬን አሳየሁ። እናቴ የምታሳየው አልነበራትም። ከባቡሩ ወረድን።

እውነቱን ለመናገር ክፉ አላደረጉብንም፤ ወንበር ሰጡን፣ ውኃ ሰጡን። እናቴ ግን እኔን ነበር የምታየው። አንድ ነገር ታደገን፤ ለጉዞ ኢንሹራንሷ ስል ፓስፖርቷንና ቪዛዋን ያነሳሁት ፎቶ ስልኬ ላይ ነበር። በቁጥሩ ፈለጉ፣ ከዚያም አሻራዋን ወሰዱ። አዲስ አበባ ለቪዛ ስታመለክት የሰጠችው የአሥር ጣቷ አሻራ በሼንገን የቪዛ መዝገብ ውስጥ ተቀምጦ ኖሯል። ከአንድ ሰዓት ከሩብ በኋላ «መሄድ ትችላላችሁ፤ ከእንግዲህ ፓስፖርት ሳትይዙ አትጓዙ» ብለው ለቀቁን። ቤት ስንገባ እኩለ ሌሊት አልፎ ነበር።

ፎቶው ፓስፖርትን አይተካም፤ እኛን የጠቀመን የሚያጣራ ሰው ስላገኘን ነው። ቢሆንም ዛሬውኑ የወላጆቻችሁን ፓስፖርት፣ ቪዛ፣ የኢንሹራንስ ወረቀትና የመድኃኒት ዝርዝር ፎቶ አንስታችሁ ያዙ። መድኃኒቱን ስትመዘግቡ የካርቶኑን ስም ሳይሆን የመድኃኒቱን ዋና ስም ጻፉ፤ የንግድ ስሙ ከአገር አገር ይለያያል። የኢንሹራንሱ ወረቀት ላይ ሃያ አራት ሰዓት የሚሠራ ስልክ አለ፤ ለቪዛ ማግኛ ብቻ የተገዛ ወረቀት አይምሰላችሁ።

በማግስቱ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ እናቴን ይቅርታ ጠየቅኋት። ሰዓቱን ስላላየሁ፣ ቦርሳውን ስላልያዝኩ እያልኩ ስዘረዝር አስቆመችኝ።

«ልጄ፣ ሰዓቱ አይደለም» አለች። «ሰባት ልጅ ያሳደግሁ ሰው ነኝ። ደሴ ሆስፒታል ብቻዬን እየተመላለስኩ ነው መድኃኒቴን የማመጣው። እዚህ ስመጣ ባዶ እጄን አስቀረሽኝ።»

ይህን ነበር ሳላየው የቀረሁት። የያዝኩላት መስሎኝ የነበረው ሁሉ ከእጇ የወሰድኩባት ነበር። ቋንቋ የማያውቁ፣ አገሩ እንግዳ የሆነባቸው ስለሆኑ እንደ ሕፃን እንይዛቸዋለን፤ ከእኛ አንድ እርምጃ ሲለዩ ደግሞ ስልክ የላቸው፣ ወረቀት የላቸው፣ ከረሜላ እንኳ የላቸው።

ሰኞ ቦርሳውን አመጣሁ። ማክሰኞ አብረን ገበያ ሄድን። አንገት ላይ የሚንጠለጠል፣ ከልብስ ሥር የሚገባ ጠፍጣፋ ቦርሳ ራሷ መረጠች። በራሴ ስም ያስመዘገብኩት የጀርመን ሲም ስልኳ ውስጥ ገባ፤ ያው ሲም ኦስትሪያም ጣሊያንም ያለ ጭማሪ ይሠራል። በወፍራም ካርድ ላይ በአንድ በኩል በአማርኛ፣ በሌላው በኩል በጀርመንኛ ጻፍን፦ ስሟ፣ የእኔ ስልክ፣ «የስኳር ሕመም አለብኝ፣ አማርኛ ነው የምናገረው፣ እባክዎ ለልጄ ይደውሉልኝ»። የቡድን ጉዞ ከሆነ የአስጎብኚውን ስልክና የአውቶቡሱን ታርጋ ከሥሩ ጨምሩበት። የአውቶቡሱን ፊት ለፊት ፎቶ አንስታችሁም በእነሱ ስልክ ላይ አኑሩ፤ መናኸሪያ ላይ ሃያ ነጭ አውቶቡስ ተደርድሮ ሲያገኙ ይጠቅማቸዋል።

ሰዓቷን እንቀይረው ስላት እምቢ አለች። ያገር ቤቱ ይቅርልኝ አለች። ስለዚህ ሌላ ርካሽ ሰዓት ገዛን፤ በግራ እጇ የሐይቅን፣ በቀኟ የሙኒክን አሰረች።

በሦስተኛው ሳምንት ቴገርንዜ ወደምትባለው ሐይቅ በባቡር ሄድን፤ ከሙኒክ አንድ ሰዓት ያህል ነው፣ ተራራም አላት። ውኃው ዳር ጥላ ሥር ወንበር አገኘን። አይስክሬም ልገዛ ተነስቼ «በሩብ ሰዓት ውስጥ እመለሳለሁ፣ አምስት ሰዓት ሳይሞላ» አልኳት። እናቴ ሁለቱንም እጆቿን ከነጠላዋ ውስጥ አወጣች።

«በየትኛው?» አለችኝ።

ቀኝ እጇን ነካሁላት። አንገቷ ላይ ያለውን ቦርሳ ዳበስ አደረገችና «እንግዲያው ሂጂ» አለች።